አምስተኛው ዙር

ወንድሜ ደሳለው ታሞ ከቤተ ሙከራው ወደ ጉና ሲመጣ ከልብሱ ጋር አንዲት ጠርሙስ ይዞ መጣ። ውስጧ ውሃ ነው፤ ውሃው ውስጥ ኑግ የመሰሉ ጥቋቁር የፕላስቲክ ቅንጣቶች አሉ።

«እቴነሽ፣ አደራ እንዳይደርቁ» አለኝ።

በየቅንጣቷ ላይ ፓላዲየም የሚባል ብረት ዓይን በማያየው መጠን ተቋጥሮ ተቀምጧል። ብረቱን ብቻውን ቢተዉት ይጓጉላል፤ ፕላስቲኩ ለያይቶ ይይዘዋል። መርዛማ ቢጫ ውሃ ውስጥ ከሌላ ዱቄት ጋር ሲጨመር ቢጫው ይጠፋል። ቅንጣቶቹ ታጥበው እንደገና ይሠራሉ። ስንት ጊዜ? የደሳለው ጥያቄ ይኸው ነበር። ደብተሩ ላይ ቢጫው እስኪጠፋ የፈጀውን የአራት ዙር ጊዜ ጽፏል፤ ስድስት ደቂቃ፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ሰባት። የአምስተኛው ቦታ ባዶ ነው፤ ሳይሞላው በመጣ በሳምንቱ ሞተ።

በለቅሶው ቀን አልቃሿ «ሰጋር በቅሎ ጋላቢው» ስትለው ደረቴን እየመታሁ ተቀበልሁ። ደሳለው በቅሎ አንዴ ጥላው ሁለተኛ አልወጣባትም። ለሙት ይጨመራል፤ ማንም አይታዘብም። ሐዘን ተቀምጬም ጠርሙሷን በየጧቱ አየሁ፤ ሲጎድል እሱ ካመጣው የተጣራ ውሃ ጨመርሁ።

አርባው ሦስት ቀን ሲቀረው ደብረ ታቦር ወደ ቤተ ሙከራው ወረድሁ። የደሳለው የሥራ ጠረጴዛ ሰኞ ለሌላ ተማሪ ሊሰጥ ነው። አብሮት ይሠራ የነበረው ዋልልኝ ጠርሙሷን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሞተው ይሆናል፣ እታለም።»

«ሙትማ ቀብሬ መጣሁ። እነዚህን ሞክራቸው።»

«እልኸኛ! ልክ እንደሱ።»

«እሱ ነው እንደኔ። ታላቁ ነኝ።»

ቅንጣቶቹንና ዱቄቱን ቢጫው ውሃ ውስጥ ጨመረ፤ ሰዓቱን እኔ ያዝሁ። ሰባት ደቂቃ ሞላ፤ ቢጫ ነው። ስምንት። ዋልልኝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ዐሥር ላይ ፈዘዝ አለ። ዐሥራ አንድ ሲሞላ ከብርጭቆው ኋላ በተዘረጋው ደብተር ላይ ያለውን የደሳለውን ጽሕፈት በውሃው ውስጥ አሻግሬ አነበብሁ።

ዋልልኝ እስክሪብቶ አነሳ። «ሰባት ልበለው? ያየነው እኔና አንቺ ነን። ለጓደኛዬ ይቺን ባላደርግለት!»

ደግነቱ አስለቀሰኝ። ግን ደሳለው እንዲያ ቢፈልግ ራሱ ይጽፈው ነበር፤ ቦታውን ባዶ ትቶ ጠርሙስ ጉና ድረስ አይሸከምም።

«በቅሎዋ ትበቃዋለች» አልሁት።

«የምን በቅሎ?»

«ዐሥራ አንድ ጻፍ። ደክመዋል፤ ግን ሠርተዋል።»

ጻፈ። ከሥሩ እኔ በእጄ «ከአርባ ቀን በላይ ውሃ ውስጥ ቆይተው» ብዬ ጨመርሁ፤ ይህም እውነት ነውና።

«በል እጠባቸው» አልሁት። «ስድስተኛውን እንጀምር።»