እንግዳ ሲመጣ የሚነሳ እጅ

ሕጉ ቀላል ነው፤ የሚያናድደኝም ቅለቱ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ከክፍሉ ኋላ እንግዳ የተቀመጠ ቀን፣ መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ ሁሉም ተማሪ እጁን ያነሳል። መልሱን የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን። መምህሩ ቀኝ ካነሱት አንዱን ይጠራል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ክፍሉ ያጨበጭባል፣ እንግዳውም «ንቁ ተሳትፎ» ብሎ ይጽፋል። እንግዳው ሲሄድ ሁሉም እጅ ወደ ኪሱ ይመለሳል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ስቀጠር ነበረ፤ በሦስተኛው ሳምንቴ ተገምግሜ ዘጠና አንድ ያገኘሁትም በእሱው ነው።

ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ አጎቴ ላይ የደረሰውን ስትሰሙ «ምስኪን፣ ሳያውቅ» እንዳትሉ ነው። ምስኪን አይደለም። ማወቅ የነበረበትን ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አርባ ስምንት ዓመቱ። ከዚህ ውስጥ ሃያ አራቱን መኪና ሥር ተንጋሎ ኖሯል። ወገቡ አሻፈረኝ ሲል ሐኪሙ «ከእንግዲህ መኪና ሥር የምትገባ ከሆነ ጎትቶ የሚያወጣህ ሰው ቅጠር» አለው። የሚያውቀው ሰው ሁሉ መለዋወጫ እንዲሸጥ መከረው። እሱ ግን የጋራዡን ቁልፍ ለሸሪኩ አስረክቦ፣ በሌላ ሙያ ቆይተው መምህር መሆን ለሚፈልጉ ሰዎች በተከፈተ የቅዳሜና እሁድ ሥልጠና ተመዘገበ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽበት ካወጣህ በኋላ ደብተር ልትይዝ ነው?» አለችው እናቴ። ታላቁ ስለሆነች ያሻትን ትለዋለች።

«እህት ዓለም፣ ጠመኔ ቢያንስ በውሃ ይለቃል። ይኸው ጥፍሬን እዪው።»

«ልጆቹ ይስቁብሃል።»

«ይሳቁ። በመካኒክ ያልሳቀ ባለመኪና አለ?»

ሁለት ዓመት ተማረ። የቀረው የሁለት ወር የማስተማር ልምምድና በመጨረሻው አንድ የሚገመገም ክፍለ ጊዜ ነበር። በዚያ ክፍለ ጊዜ ከመቶ ስድሳ ካላገኘ አበቃ፤ ፕሮግራሙ ድጋሚ የለውም። ጋራዡም ተላልፏል፣ ወገቡም አይመለስም። የተመደበው ደግሞ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሆነ። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር እኔ ብቻ ስለሆንኩ አማካሪ መምህሩ ሆንኩ። ዝምድናችን ስለታወቀ ነጥብ መስጠት ተከለከልኩ፤ «የአማካሪ አስተያየት» የሚባል አንድ ገጽ ብቻ እሞላለሁ።

ቤት ውስጥ «ጋሼ፣ አንተ» የምለውን ሰው ትምህርት ቤት «እርስዎ» ማለት ጀመርኩ። እሱም «መምህርት» ይለኛል፤ ሲናደድ ግን «አንቺ ልጅ» ያመልጠዋል። ተማሪዎቹ በሳምንቱ «ክሪክ» የሚል ስም አወጡለት። ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና የሚለው መኪና እንደሚያነሳ ክሪክ ቀስ በቀስ፣ በየደረጃው ስለሆነ ነው። ሰማቸው። «ክሪክ ከባድ ነገር ያነሳል፤ ስድብ ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ» አላቸው።

አሠራሩ ያበሽቀኝ ነበር። ጥያቄ ይጠይቅና «ያልገባው ማነው?» ይላል። አንዱ አፍሮ አፍሮ ያልገባው መሆኑን ካመነ እሱ ዘንድ ይቆማል፤ አምስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ነው። እኔ ኋላ ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ።

«በዚህ አያያዝ መጽሐፉ አያልቅልዎትም» እለዋለሁ።

«ጋራዥ የሚመጣው ደህና መኪና ነው እንዴ? የገባውን ልጅ ጠርቼ ምን ላደርገው ነው?»

ሁለት ወር ሙሉ ከክፍሉ ኋላ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ እንግዳ ስላልሆንኩ ግራ እጅ አልተነሳም፤ ስለዚህ ሕጉን የሚያይበት አጋጣሚ አልነበረውም። እኔም ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ቀኑ ደረሰ። ምን ተብሎ ይነገራል? «ጋሼ፣ እዚህ ልጆቹን ውሸት አሠልጥነናቸዋል፤ አንተንም ይጠቅምሃል»?

የግምገማው ቀን አጎቴ ከሸሪኩ የተዋሰውን የመኪና ባትሪ፣ ሁለት የፊት መብራት አምፖልና አንድ ጥቅል ሽቦ ይዞ መጣ። እሱ መምህራን ቢሮ ዕቃውን ሲያዘጋጅ ዳይሬክተሩ ክፍሉ ገብቶ «ዛሬ እንግዳ አለ፤ እጃችሁን እንዳትረሱ» ብሎ ወጣ። በዓይኔ አየሁት። ያኔም ጊዜ ነበረኝ፤ ኮሪደሩን ከአጎቴ ጋር አብረን ነው የሄድነው።

«ሸሚዜ ጥሩ ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ገምጋሚዋ ከማሠልጠኛ ኮሌጁ የመጡ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሴት ናቸው። በእኔና በዳይሬክተሩ መካከል ተቀመጡ። አጎቴ ሁለቱን አምፖሎች እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ከባትሪው ጋር አገናኘ። ሁለቱም በሩ።

«አሁን የአንዱን ሽቦ ብነቅለው ሌላው ምን ይሆናል?»

አርባ ስድስት እጅ በአንዴ ተነሳ።

አጎቴ ደነገጠ። ሁለት ወር ለምኖ ከሦስት እጅ በላይ አግኝቶ አያውቅም። ወደ እኔ አየና ፈገግ አለ፤ የልጅ ፈገግታ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ከዚያ ከሁሉም ከፍ ብሎ የተነሳውን እጅ ጠራ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠውን፣ ጓደኞቿ «ሹክሹክታ» የሚሏትን ልጅ። ያነሳችው ግራዋን ነበር። ግራ እጅ መቼም አይጠራም፤ ስለዚህ እስከ ጣሪያ ቢያነሱት ጉዳት የለውም።

ልጅቷ እንደተከዳች ቆመች።

«እ?» አለ አጎቴ።

«… ይጠፋል።»

አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነይ ንቀይውና እንየዋ።»

ወጥታ ነቀለችው። ሌላው አምፖል ምንም ሳይመስለው መብራቱን ቀጠለ።

«አልጠፋም እኮ!»

«ለምን?»

«እኔንጃ።»

«ጥሩ። እኔም ባንቺ ዕድሜ እኔንጃ ነበር ያልኩት። የመኪናሽ አንድ ዓይን ሲቃጠል ሌላው አብሮት ቢጠፋ ገደል ነው የምትገቢው። በይ፣ ሽቦውን በጣትሽ ተከተይው፤ ከባትሪው ተነሽና ባትሪው ድረስ ተመለሽ።»

«ለምን አልጠፋም?» እያለ ሌሎች ሁለት ልጆችም ጠራ። ሁለቱም ግራ፣ ሁለቱም ስህተት። እነሱንም አወጣና ሦስቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሽቦ በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። ዘጠኝ ደቂቃ። በዘጠነኛው ደቂቃ ሹክሹክታ ጮኸች፤ «እያንዳንዱ የራሱ መንገድ አለው! የአንዱ ቢዘጋ ሌላው ምን አገባው!»

ሦስት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ድምፅ ክፍሌ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። የገምጋሚዋን ፎርም ሰረቅ አድርጌ አየሁት። «የተጠየቁ፦ 3። በትክክል የመለሱ፦ 0።»

ዳይሬክተሩ ቢሮ ስንገባ ውጤቱ ተደምሮ ነበር። ሃምሳ አራት።

«ልጆቹ እጅ ያወጣሉ፣ ሲጠየቁ አያውቁም» አሉ ገምጋሚዋ። «የሁለት ወሩ ትምህርት አልገባቸውም ማለት ነው።»

ዳይሬክተሩ ተነፈሰ። «ትጉህ ሰው ናቸው። እንግዲህ ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል።»

ምን ይደረጋል! ከአንድ ሰዓት በፊት ክፍሉ ገብቶ «እጃችሁን» ያለው ሰውዬ ነው ይህን የሚለው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል አልኩ፤ በሆዴ። የእኔን ገጽ ገፋ አደረገልኝና «ደካማ ጎን የሚለው ላይ የክፍል አያያዝ በይ፣ እንጨርስ» አለ። ገጹን ይዤ ወጣሁ።

አጎቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሽቦ ይጠቀልላል።

«ስንት?»

«ሃምሳ አራት።»

መጠቅለሉን አላቆመም። ጨርሶ ጫፉን ከቋጠረ በኋላ፣ «ልጆቹ ግን ሳያውቁ ለምን እጅ አወጡ? እነዚህ ልጆች አይዋሹኝም ነበር» አለ።

ነገርኩት። ለመንገር ሦስት ዓረፍተ ነገር አልፈጀም፤ ሁለት ወር ያቃተኝ እሱ ነው።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺም?»

«እኔም።»

«ያቺን ልጅ አንቺ ነሽ ግራሽን አንሺ ያልሻት?»

«ጋሼ፣ ሁሉም ትምህርት ቤት እኮ …»

«ሁሉንም ትምህርት ቤት አልጠየቅኩም። አንቺ ልጅ፣ በእኔም ሙያ የተበላ ፍሬን ሳይቀይር መኪናውን አጥቦና ወልውሎ የሚያስረክብ አለ። አንድ ቀን እንኳ አብሬው ምሳ በልቼ አላውቅም።»

«አሁን ማሰብ ያለብን ስለ ውጤትህ ነው።»

«ውጤቴ የእኔ ነው። ሂጂ ከፊቴ።»

ተናደድኩ። በእሱም ጭምር። እኔ ነኝ እንዴ የጀመርኩት? ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የሠላሳ ዓመት መምህራን አፋቸውን ይዘው የተቀመጡበትን ነገር እኔ ብቻዬን ልሸከመው? ይህን ሁሉ እያልኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ገጹን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። የቀኝና የግራውን ነገር። ዳይሬክተሩ ጠዋት ለክፍሉ ያለውን። ለአጎቴ አለመንገሬን። የእኔን ዘጠና አንድም ጻፍኩ፤ ብተወው ኖሮ የሚያምነኝ አልነበረም። ገብቼ ለገምጋሚዋ በእጃቸው ሰጠሁ።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እውነት ነው?» ዳይሬክተሩን ጠየቁ።

«ልጆቹ እንዳይሸማቀቁ ተብሎ እኮ ነው … የትም ያለ ነገር ነው። ወጣት ናት፣ ደግሞም አጎቷ ናቸው።»

«እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ስገመግም ያየሁት ሁሉ ይኸው ነበር?» አሉ ገምጋሚዋ።

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ያስተካክል ጀመር።

«እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አሉ በመጨረሻ፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«ያዩት እኛ ያሳየንዎትን ነው» አልኩ።

ወረቀቱን የሚቀድዱብኝ መሰለኝ። «ያቺን ልጅ ጥሩልኝ» አሉ። «አምፖሉም ባትሪውም ይምጣ።»

ሹክሹክታ ገባች። ገምጋሚዋ ሽቦውን ሰጧት። «ሁለቱንም አብሪልኝ። ግን አንዱ ሲነቀል ሌላውም አብሮ የሚጠፋ ይሁን።»

ይህን አጎቴ አላስተማረም፤ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ነበር። ልጅቷ ሽቦውን አየች። ጣቷን ባትሪው ላይ አድርጋ ባዶ ጠረጴዛ ላይ መንገድ ትስል ጀመር። ዳይሬክተሩ አፉን ሲከፍት ገምጋሚዋ እጃቸውን አነሱበት። እኔም ልናገር ስል ምላሴን ነከስኩ። ልጅቷ አንዱን አምፖል ከሌላው አስከትላ አሰረችው። ሁለቱም ደብዘዝ ብለው በሩ። አንዱን ነቀለች፤ ሁለቱም ጠፉ።

«መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው» አለች፤ ለመሰማት ያህል።

ገምጋሚዋ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ሰርዘው ሌላ ቁጥር ጻፉ፣ ፈረሙም። ስድሳ አንድ። አሥራ ስድስት ዓመት የተታለሉት ሴት ለአጎቴ የለገሱት ከማለፊያው በላይ አንድ ነጥብ ነው። ስለ እጅ ማንሳቱ ጉዳይ ለኮሌጁ ምን እንደሚያሳውቁ ጠየቅኳቸው። «የመጣሁት ለአንድ ሰው ነው» ብለው ቦርሳቸውን አነሱ።

በማግሥቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «የትምህርት ቤቱን የውስጥ አሠራር ለውጭ አካል አሳልፋ በመስጠቷ»። የጦር ካርታ የሸጥኩ ይመስላል። ሐሰት ተናገረች የሚል ግን አንድ ቃል የለበትም።

እናቴ ወንድሟን «የኔ መምህር» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰች። እሱ አመሰገናት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ከእኔ ጋር ግን አልተነጋገረም። እሁድ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«አልፈሃል እኮ። ደግሞ ደብዳቤውን የበላሁት እኔ ነኝ።»

«ለገምጋሚዋ ነገርሽ። ለልጆቹስ?»

«ለልጆቹ ምን?»

በሩን ከፍቶ ሄደ።

ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ገብቼ ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ያስለመድኳችሁ ነገር ውሸት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእናንተ አይደለም፣ ከዛሬ ጀምሮ የማያውቅ ሰው እጁን አያነሳም፣ የምጠራውም እሱን ነው። ንግግሬ አጭርና ደረቅ ነበር፤ ሌላ አልችልበትም።

ከዚያ ሹክሹክታ፣ እጇን ሳታነሳ፣ «እንግዳ ሲመጣስ?» አለች።

«እንግዳ ሲመጣም።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«እሱን ለእኔ ተዪው።»

አርባ ስድስት ልጅ አየኝ። አንዱም አላመነኝም። አልፈረድኩባቸውም። ጠመኔ አንስቼ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጻፍኩ።