በረዶ ያልገባበት ውሃ

ራሄል ደስታው የሚባለውን ሽማግሌ ወደ ጀማሪዎቹ የፎቶ ክፍል ለምን ጠራችው? ለራሷም ገና አልገባትም ነበር።

ፕራግ የተማረችው የውሃ ምህንድስና ሰመራ ውሃ ቢሮ አስቀጥሯታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በተከራየችው ክፍል በፊልም ካሜራ ፎቶ ማንሳትና ፊልሙን ማጠብ ታስተምራለች። በቴሌግራም የለጠፈችው ማስታወቂያ «ሳጥን ውስጥ የተቀበረውን ካሜራ አውጡ። ስልክ ሺህ ጊዜ ያነሳል፤ ፊልም ሠላሳ ስድስት ብቻ ስለሚሰጥ አስተውሎ ማየት ያስተምራል» ይላል። ይህንኑ አዋሽ ላለው ለደስታው ላከችለት።

ደስታውና አባቷ ኃይለ ልዑል አዋሽ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ደስታው ያነሳል፤ አባቷ ጨለማ ክፍል ገብቶ ያጥባል። አባቷ ታሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል በተኛ በሦስተኛው ወር ደስታው የንግድ ፈቃዱን ወደ ራሱ ስም ብቻ አዞረ፤ ቁልፉንም ለወጠ። አባቷ ድኖ ሲመለስ የገዛ ቤቱን በር እንደ ለማኝ አንኳኳ። ዓመት አልሞላውም፣ ሞተ።

ሽማግሌው በሚኒባስ መጣ። ከኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ያልታጠበ ፊልም አወጣ።

«ውብነሽ ናት፣ ባለቤቴ» አለ። «ልትሞት ሰሞን ያነሳኋት ነው። ሌላውን ፎቶዋን ምስጥ በላው። ይህን ለማንም አላምን ብዬ ኖርኩ፤ አንቺ ግን የኃይለ ልዑል ልጅ ነሽ።»

«እዚህ ሁሉም የራሱን ነው የሚያጥበው፣ ጋሼ» አለችው።

የሰመራ ቧንቧ ውሃ ጣሪያ ላይ ሲግል ውሎ ነው የሚወርደው። በረዶ ካልገባበት የፊልሙን ሽፋን ምስሉን እንደያዘ ይልጠዋል። የክፍሉ የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነበር፤ ደስታው ግን ያኔ አልነበረም። በረዶውን የሚያመጣው ተማሪዋ ካሚል፣ ጁስ ቤት ያለው የወሎ ሰው ነው። ባልዲውን ይዞ ተነሳ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ውሃውን...»

«ተው ካሚል። ጋሽ ደስታው የሃያ ዓመት ፎቶ አንሺ ናቸው። እኛ ልናስተምራቸው?» አለች ራሄል።

ካሚል እየሳቀ ይቅርታ ጠየቀ። «አፉ በሉኝ ጋሼ። እኔ ብርቱካን ጨማቂ ነኝ።»

ደስታው በሃያው ዓመት ውስጥ አንድም ፊልም አጥቦ አያውቅም። ይህን በልጆች ፊት መናገር ግን አፈረ። ፊልሙ የገባበትን የማጠቢያ ጣሳ ይዞ ቧንቧውን ከፈተ። ራሄል እንፋሎቱን አይታ በሰዓቷ ደቂቃ መቁጠር ጀመረች።

ጣሳው ሲከፈት ፊልሙ እንደ መስታወት ጠርቷል። ሽፋኑ እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ልጣጭ ከሥር ተጠራቅሟል። ሽማግሌው ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«ምን አጠፋሁ?»

«አርጅቶ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ። «ደከምሽልኝ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ምርቃቱ አንገበገባት። ጊዜን እየረገመ አዋሽ ሊገባ ነው። የማን እጅ እንደመታው ሳያውቅ ከሄደማ አባቷ ዛሬም ደጅ ቆሞ እያንኳኳ ነው። ለምን እንደጠራችው አሁን ገባት። እሱ ሲወጣ ስልኳን አውጥታ ጻፈችለት።

«ጋሽ ደስታው፣ ፊልሙ አላረጀም፤ የጋለው ውሃ ነው የላጠው። በረዶው አጠገብዎ ነበር፤ ካሚልን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ራሄል ኃይለ ልዑል።»

ማታውኑ አነበበው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት አዳዲስ ጀማሪዎች መጡ። እሷ ስለ ውሃው እያስረዳች ሁለቴ ስልኳን አየች፤ በሌሎቹም ቅዳሜዎች አየች። ደስታው አልመለሰላትም።