በመሪጌታ ደረት ውስጥ የነበረው

ሠላሳ ስድስቱ የሙከራ ድሮኖች እንደ ንብ መንጋ እየጮኹ ከሐይቁ ማዶ መጡ። ቁልፉን ተጫንሁ። ጩኸታቸው በአንዴ ተቋረጠና ሁሉም ጣና ውስጥ ወደቁ። ጥይት አልተተኮሰም፤ ብልጭታም አልታየም። ሦስት ዓመት የደከምሁበት መሣሪያ ሠራ ማለት ነው፤ ኃይለኛ የማይክሮዌቭ ሞገድ ለቅቆ የድሮን ኤሌክትሮኒክስ የሚያቃጥል መሣሪያ።

እየተቃቀፍን ሳለ አለቃዬ ደሞዝ የርቀት መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ።

"ለሙከራው ከተከለለው ቦታ ውጭ አንዲት ጀልባ ቆማለች" አለ።

ጎትተው ወደ ዳር ሲያመጧት እዚያው ነበርሁ። መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል የሚባሉ የሰማንያ ዓመት አዛውንት የጀልባዋ ወለል ላይ ተኝተዋል፤ ራሳቸው በልጃቸው በወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ጭን ላይ ነው። ለንግሥ ወደ ደሴቱ ገዳም እየሄዱ ነበር። ሞተዋል።

"ሞተሩ ሲጠፋ አባቴም ዝም አሉ" አሉ ወይዘሮዋ ከቡድናችን ጋር ለነበረችው ነርስ። "ደረታቸው ውስጥ የልብ ምት የሚያስተካክል ዕቃ ነበራቸው።"

ሞገዱ እዚያ ድረስ ደርሶ ይሆን ብዬ ርቀቱን በዓይኔ ለካሁ።

"ስሌቱን የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ ሞገዱ እዚያ ድረስ አይደርስም" አለኝ ደሞዝ በማግሥቱ። "የጀልባ ሞተር ደግሞ መቼም ይጠፋል። ሰውዬው በዕድሜ ነው የሞቱት።"

ሪፖርቱም እንደዚያው ተጻፈ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ድምፅ ሲቋረጥ እደነግጣለሁ። ቀን መብራት ሄዶ የቢሮው ማቀዝቀዣ ዝም ሲል እጄ ሳላውቀው ደረቴ ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ አለቀስሁ።

በአርባቸው ዕለት ቤተሰባቸው ወደሚኖርበት ሰባታሚት ድረስ ሄድሁ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤልን ከድንኳኑ ጀርባ አግኝቼ ሁሉንም ነገርኋቸው።

"አንቺ ገደልሻቸው?" አሉ።

"አላውቅም። ያ ዕቃ የልብን ምት ይመዘግባል። ወጥቶ ቢታይ ይታወቅ ነበር።"

"አብሯቸው ተቀብሯል።"

"አውቃለሁ።"

"አባቴ ገዳም ውስጥ ነው ያረፉት። መቃብራቸው አይከፈትም፤ እኔም አልፈቅድም" አሉ። ከዚያ፣ "ሌላ ሰው ጀልባ ላይ ሳለ ግን ያን ነገር እንዳትነኪው" አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ስሌቴ ያልተረጋገጠ መሆኑን፣ ሐይቁ ከጀልባ ሁሉ ሳይጸዳ ለሁለተኛ ሙከራ እንደማልፈርም ጽፌ አስገባሁ። ደሞዝ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። በወሩ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ እኔን አልወሰዱኝም። መሣሪያውን ወደ ሰው አልባ በረሃ ነው የወሰዱት ብለው ባልደረቦቼ ነገሩኝ። እውነት መሆኑን የማጣራበት መንገድ የለኝም።

አሁን ኮሌጅ አስተምራለሁ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል አንዳንዴ ይደውሉልኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው እናወራለን። ስለዚያ ቀን አንሥተው አያውቁም፤ እኔም ስልኩ በጠራ ቁጥር ዛሬ ያነሡታል እያልሁ ነው የማነሣው።