የጋሽ እዮኤል ሻርፕ

ጋሽ እዮኤል ጥጥና ሐር ነው ተብለው የገዙት ሻርፕ አንገታቸውን ሲያሳክካቸው ከረመ። ሀዋሳ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ሳያት፣ ክሩ ምን እንደሆነ በኤክስሬይ እንደሚታወቅ ነገረቻቸው። እሳቸውም ሻርፑን እንደ ሕመምተኛ በነጠላ ጠቅልለው ከቱላ በባጃጅ ይዘውት መጡ።

«አብሬው ልግባ?» አሉ በሩ ላይ።

«አያስፈልግም ጋሼ፤ ትንሽ ክር ቆርጬ ነው የማስገባው።»

«ያለ ማደንዘዣ?»

ሳያት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክሩን አደቀቀችና ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። ጨረሩ ክሩን መትቶ ሲበተን ኮምፒውተሩ ጉብታ ጉብታ ያለው መስመር ሣለ። ጥጡ ወዲያው ታወቀ። የቀረው ጉብታ ግን የሐር ሳይሆን የሱፍ ሆኖ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ግማሹ የበግ ፀጉር ነው» አለቻቸው እንዳይናደዱ እየፈራች።

ጋሽ እዮኤል መስመሩ ላይ ጥቂት አፈጠጡና ፊታቸው በራ።

«ተመስገን! ባለቤቴ እኮ ሐር አያሳክክም፣ ያሳከከህ ዓሣው ነው ብላ ሦስት ወር ሙሉ ዓሣ ከልክላኛለች! በይ ቶሎ አትሚልኝ፣ ላሳያት።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሻርፑን ወንበሩ ላይ ጥለው በቀጥታ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በረሩ።