ታጥቦ የማይለቅ

ጊንጪ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1979፣ ከወሩ ቀናት ሁሉ አንዱን ብቻ መጠበቅ ጀመርኩ። መምህር ኤጄታ መርፌውን የሚወጋበትን ረቡዕ።

ኤጄታ የሒሳብ መምህር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመላለስበት የኖረው የጉሮሮ ሕመም ልቡን ነክቶታል፤ ዳግም እንዳይነካው በየወሩ ፔኒሲሊን መወጋት ነበረበት። እኔ የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ስለሆንኩ መርፌ አልወጋም፤ የሚወጋው ድሬሰራችን ነገራ ነው። ክፍሌ ግን ከመርፌ ክፍሉ ፊት ለፊት ነበር። ኤጄታ ወገቡን እያሸ ሲወጣ በሬ ላይ ቆም ይላል።

«ሲስተር፣ ይሄ ነገራ በሬ መሰልኩት እንዴ?»

የከተማው ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሁሉ ሲስተር ይላል። አላረምኩትም። «ያምማል፣ አይደል?» እለዋለሁ። ስቆ ይሄዳል። ጥሩ ጥሩው መልስ ሁሉ የሚመጣልኝ እሱ የግቢውን በር ካለፈ በኋላ ነው።

በጥቅምት አልመጣም። በኅዳርም አልመጣም። ነገራን ዐይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ ጠየቅሁት።

«ጓድ መምህርን ነው? እንጥሉን ተቆርጦ ዳነ አሉ። እናቱ ናቸው ወጌሻ የጠሩለት።»

በአካባቢው ጉሮሮ ሲታመም እንጥል ወረደ ይባላል። ወጌሻ ይቆርጠዋል፤ ቁስሉ ሲደርቅ ሰው ዳንኩ ብሎ ሌላውን መድኃኒት ይተዋል። የኤጄታ ልብ ግን ሌላ የጉሮሮ ሕመም የሚችል አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ሳልጠራ ሰው ቤት ሄጄ የማላውቀው እኔ፣ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ አዴ ወርቅቱ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ! ደኅና ነሽ ልጄ? ግቢ እንጂ። ልጄ እኮ ዳነ። ያን ሁሉ ዓመት በመርፌ ሲበሳሱት፣ ጉዱ ለካ እንጥሉ ላይ ነበር። ቆርጠን ጣልነው!»

ኤጄታ ከጤፍ ማሳው መጣ። የኮቱ እጅጌ ጭጎጎት በጭጎጎት ሆኗል። መንገዱን ሙሉ የተለማመድኩትን በአንድ ትንፋሽ አልኩት።

«መምህር፣ ሰኞ ላሳይዎት የምፈልገው ነገር አለ። ይመጣሉ?»

«መርፌ ካልሆነ» አለ።

ሰኞ ያንኑ ኮት ለብሶ መጣ። የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ፀሐይ አዙሬ ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁትን ስላይድ አስቀመጥኩለት። ለመመረቂያ ሥራዬ ከሰው ጉንጭ ውስጥ የተፋቁ ሴሎችን ከጉሮሮ ጀርም ጋር አቆይቼ፣ አጥቤ፣ ያቀለምኩት መሆኑን ነገርኩት።

«ዶቃ!» አለ። «በክር የተሰካ ሐምራዊ ዶቃ።»

«ጀርሙ ነው፤ ስትሬፕቶኮከስ። ሥሩ ያለው ሰፊው ነገር የሰው ሴል ነው። የጉሮሮዎም ሽፋን በእንደዚህ ዓይነት ሴል የተነጠፈ ነው።»

«ታጥቧል አላልሽም?»

አንቺ አለኝ። እሱ ያስተዋለው አይመስለኝም።

«ደጋግሜ አጥቤዋለሁ። ያልያዘው ከውሃው ጋር ሄደ፤ የያዘው ቀረ።» ወደ እጅጌው ጠቆምኩ። «እንደዚያ ጭጎጎት ነው። ላዩ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር አለው፤ በእሱ ሴሉን ይጨብጣል። እንጥል ብቻ መርጦ አይደለም የሚይዘው። እንጥል ቢቆረጥም ጉሮሮ አለ።»

ብዙ አየ። «ይሄኛው ግን ላዩ ላይ ነው ወይስ ውስጥ ገብቷል?»

ደነገጥኩ። ይህንኑ አማካሪዬን ጠይቄያቸው ነበር። በዚህ ማይክሮስኮፕ ላይና ውስጥ አይለይም፣ ያየሽውን ብቻ ጻፊ አሉኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም። በሆዴ ግን አንዳንዱ የገባ ይመስለኝ ነበር፤ ሴሉ ራሱ አቅፎ ያስገባው፣ መድኃኒቱ እስኪያልፍ እዚያ ተሸሽጎ የሚቆይ።

«አላውቅም» አልኩ። «የሚገባ ከሆነ፣ ዳነ የተባለ ጉሮሮ መልሶ የሚታመመው ለዚያ ይሆናል። መርፌውን አይተዉ።»

«እሺ፣ ተሸነፍኩ። ከረቡዕ ጀምሮ በየወሩ እመጣለሁ። ነገራ መርፌውን ይሳል!»

ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቃል ነው። ነገር ግን የነገራ ቁም ሣጥን ባዶ ነበር፤ የእሱ ዓይነት ፔኒሲሊን ከመጣ ቆይቷል፣ መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም። ዝም ብል ረቡዕ ይመጣል። በሚቀጥለው ወርም ይመጣል፣ «ገና ነው» እለዋለሁ፣ በሬ ላይ ቆሞ ይስቃል።

«እዚህ መድኃኒቱ የለም» አልኩ። «አምቦ አለ። ወደዚያ ዝውውር ይጠይቁ።»

«ለአንድ መርፌ? ተመላልሼ ብወጋስ?»

«አንዴ አውቶቡሱ ሞላ፣ አንዴ ፈተና አለ እያሉ ይተዉታል።»

ሳቀ። «ታባርሪኛለሽ፣ ሲስተር?»

«ሲስተር አይደለሁም። ስሜ አመለሸጋ ነው።»

ሳቁን ተወ። «ታባርሪኛለሽ፣ አመለሸጋ?»

«አዎ» አልኩ።

የገና በዓል ሳይደርስ ወደ አምቦ ተዛወረ። አዴ ወርቅቱ ገበያ ሲመጡ በሬ ላይ ቆመው፣ «እዚያም የሚወጋው ሰው እጁ ከባድ ነው አሉ፤ ደኅና ነው» ይሉኛል። ረቡዕ ከአምቦ የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም ሥራ ከሌለኝ እስከ ግቢው በር እወጣለሁ። ሰዎች ይወርዳሉ፣ ጥቂት ይሳፈራሉ፣ ወደ አዲስ ዓለም ያልፋል።

ተመልሼ ስላይዱን ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀምጣለሁ። ቀለሙ እየደበዘዘ ነው። እሱ እኔ ላይ የተወው ግን አልለቀቀም፤ ላይ ይሁን ውስጥ እስካሁን አልለየሁትም።