ተጭነው ያዙሩ

ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ጠዋት ለክፍል ኃላፊዎቹ የተናገረው አጭር ነበር። «ፋርማሲዎቹ እየጣሉን ነው። ጥፋቱ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ እስከ ዓርብ ታገኙልኛላችሁ። ያ ክፍል ይዘጋል።» ይህን ብሎ ወጣ፣ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሰውየው በር ሲወረውር ነው የሚታወቀው። ቀስ ካደረገ የምሩን ነው ማለት ነው።

ፋብሪካው የፕላስቲክ የመድኃኒት ጠርሙስ ያመርታል። ጠርሙሱ፣ ላዩ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት፣ ክዳኑ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍል አላቸው። የክዳኑን ክፍል ሃያ ዓመት የመራው ሰው ስሙ ተረስቶ «ጋሽ ክዳን» ሆኖ ቀርቷል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈተውን ክዳን ያወጣው እሱ ነው። ሕፃናት እንዳይከፍቱት ታስቦ ነበር፤ እውነትም አንድም ሕፃን አልከፈተውም። አናቱ ላይ «ተጭነው ያዙሩ» ይላል። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ይዞ የሮጠው ወደ እናቱ ነበር። እሷም ጉንጩን ስማ «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ!» አለችው። ከዚያ ወዲህ በጠየቃት ቁጥር መልሷ ያው ነው፤ «ጥሩ ነው ልጄ፣ ምን ይወጣለታል!»

እንግዲህ ሰኞ ዕለት የሥራ አስኪያጁ ቃል ለምን እንዳስፈራው ይገባችኋል። ጥፋቱ የክዳኑ ቢሆንስ? በሃምሳ ዓመቱ ከክዳን በቀር የማያውቅ ሰው ማን ይቀጥረዋል? ልጆቹን ምን ሊያበላ ነው? ያን ሌሊት ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ብትለው «ብርድ ነው» አላት፣ በዚያ ሙቀት።

ማክሰኞ አሠልጣኝ መጣችላቸው። ወጣት ናት፤ ካርቶን፣ መቀስና የፕላስተር ጥቅል በከረጢት ይዛለች። የምታስተምራቸው ዲዛይን ቲንኪንግ፣ ከተጠቃሚው ተነስቶ ዕቃን ማሰብ፣ እንደሚባል ስትነግራቸው የወረቀት ክፍል ኃላፊዋ «ደግሞ ለማሰብም ሥልጠና መጣ!» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው።

አሠልጣኟም አብራ ሳቀች። ከዚያ «ይህን ጠርሙስ በሽተኛ ሲከፍተው አጠገቡ ተቀምጦ ያየ እጁን ያውጣ» አለች።

ማንም አላወጣም።

ጋሽ ክዳን ጉሮሮውን ጠረገ። «በማሽን ፈትነነዋል። ሺህ ጊዜ ከፍቶ ሺህ ጊዜ ዘግቶታል።»

«ማሽኑ ምኑን ያመዋል ጋሼ?» አለችው።

ሳቁ በእሱ ላይ ሆነ። እሷ ግን ቀጠለች። «ችግሩ ያለው ሰው ቤት ነው፣ እናንተ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ትፈልጉታላችሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ነገ እያንዳንዳችሁ አንድ በሽተኛ ቤት ትሄዳላችሁ። አትጠይቁ፣ ሰው ሲጠየቅ ጠያቂውን ላለማስቀየም ይዋሻል። አትርዱ። አትናገሩ። ዝም ብላችሁ እዩ። ያያችሁትን ዓርብ በዚህ ካርቶንና ፕላስተር ሠርታችሁ ታሳዩናላችሁ።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ አለ ጋሽ ክዳን በሆዱ። ማየቱን ነበር የፈራው። ስለዚህ ምን አደረገ? ደም ግፊትና ስኳር ያለባትን እናቱን መረጠ! እዩልኝ ብልጠቱን! ክዳኑን ሦስት ዓመት ሙሉ ከመመረቅ በቀር ክፉ ቃል ያልወጣት እናቱ ቤት ሄዶ፣ ምንም ሳያይ ሊመለስ።

ረቡዕ ጠዋት ደረሰ። እናቱ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ባለፈው ወር ደጃፏ ላይ አዙሯት ወድቃ ግንባሯ ላይ የቀረው ጠባሳ ገና አልጠፋም። ፀሐይ ነው ብላው አምኗት ነበር።

«ዛሬ ለሥራ ነው የመጣሁት እማዬ። እንደሌለሁ ቁጠሪኝ።»

«አበስኩ ገበርኩ! ዓይኔ እያየህ እንደሌለህ ልቁጠርህ?» አለችና ሳቀች። ግን የልጇን ቃል አክብራ ወደ ሥራዋ ዞረች። ጠረገች፣ ዕቃ አጠበች፣ ከራሷ ጋር አወራች። እሱም ጥግ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ሳይጽፍ ሰዓቱ ሄደ። ልቡ ትንሽ መለስ አለለት።

ሦስት ሰዓት ላይ ከፋርማሲ የመጣ ፌስታል አወጣች። ውስጡ ሁለት አዲስ ጠርሙሶች ነበሩ፣ ክዳናቸው የእሱ። እሷ ግን ለመክፈት እንኳ አልሞከረችም። እሱ ከተቀመጠበት ወለል ብሎ ወደሚታየው ጓዳ ይዛቸው ገባችና ጠርሙሶቹን ወለሉ ላይ አጋደመቻቸው፤ ከዚያ ዘነዘናውን አነሳች።

ጓ! ጓ! የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ሦስት ምት ፈጀ። ስባሪውን ለቀመችና ክኒኖቹን ሁሉ፣ ከዚህም ከዚያም፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጠቻቸው። የግፊቱም ነጭ ነው፣ የስኳሩም ነጭ ነው። በመጠን እንኳ አይለያዩም።

ጋሽ ክዳን ደብተሩን ጨበጠ። አትናገሩ ተብሏል። ጥርሱን ነከሰ።

እናቱ አንድ ክኒን አንስታ በምላሷ ጫፍ ነካችው፣ ፊቷን አጨማደደችና ወደ ጎን አኖረችው። ሌላ አነሳች፣ ነካችው። ሌላ።

«እማዬ!» መቼ ተነስቶ ጓዳ እንደገባ አያውቅም። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን ያስደነግጥሃል? እየለየሁ ነዋ። የመረረው የግፊቱ ነው፣ ያልመረረው የስኳሩ። ለምጄዋለሁ። ባለፈው ወር ብቻ ጉንፋን ይዞኝ ምላሴ ሞቶ አልለይ ብሎኝ…» አለች። ሳታስበው እጇ ወደ ጠባሳዋ ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሱ ግን የፈራው ሥራውን ነበር፣ ይህን አልነበረም። እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ የራሱ ክዳኖች ስባሪ መሃል ቁጭ አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ቁርጥማት ያጣመማቸውን ጣቶቿን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀቻቸው። «ያን ቀን ይዘኸው ስትመጣ እንዴት ደስ ብሎህ ነበር! በምን አፌ ልንገርህ የኔ ጌታ?»

ቆርቆሮውን በአንድ እጁ፣ እናቱን በሌላው ይዞ ሐኪም ቤት ገባ። ነርሷ ቆርቆሮውን አይታ «እግዜር ነው ያተረፈዎት» አለቻት። ሐሙስን ሙሉ እህል በአፉ አልዞረም።

ዓርብ ዕለት መጀመሪያ የቀረበችው የወረቀት ክፍል ኃላፊዋ ነበረች። ካየችው ሰው ቤት ወረቀቱ ተልጦ አግኝታለች፤ አልደበቀችም። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ። «በቃ፣ ተገኘ! ወረቀት ክፍል ነው።»

ሴትዮዋ ከንፈሯ ደረቀ። ጋሽ ክዳን አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ እኮ አለቀ፣ ተረፈ። ይህንን ማንም አልነገረውም፣ ራሱ ያውቀዋል። ላቡ በጀርባው እየወረደ ተነሳ።

«እሷ አይደለችም» አለ። ድምፁ ለራሱም ራቀበት። የአሠልጣኟን ፕላስተር አንስቶ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደ። «ሁለቱንም እጅዎን ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ይስጡኝ ግድ የለም።»

የሰውየውን ጣቶች ሁለት ሁለቱን አጣብቆ በፕላስተር ጠቀለላቸውና ጠርሙስ አስያዘው። «ይክፈቱት።»

ሥራ አስኪያጁ ተጫነ፣ አዞረ። ተንሸራተተ። ደረቱ ላይ አስደግፎ ሞከረ። በጥርሱ ሞከረ። ጠርሙሱ አምልጦት ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ማንም አልሳቀም።

«እንዲህ ዓይነት እጅ ያላት እናቴ በዘነዘና ሰብራ፣ ክኒኑን ደባልቃ፣ በምላሷ እየለየች ነው የምትውጠው። ስትወድቅ ፀሐይ ነው ብላኛለች። ክዳኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሚዘጋ ካለ የኔ ክፍል ነው።»

ሥራ አስኪያጁ የተጠቀለሉ ጣቶቹን አፍጥጦ ያያል። ቀለሙ ተለወጠ። በጥርሱ ፕላስተሩን ቦጨቀና ስልኩን አወጣ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

«አባዬ! ምነው ቆየህ? … አይ፣ ምንም። ያ የመድኃኒትህ ጠርሙስ፣ የኛው፣ እንዴት ነው? ይከፈትልሃል?»

የሽማግሌው ድምፅ ደከም ብሎ፣ ግን ጥርት ብሎ ለሁሉም ተሰማ።

«ጥሩ ነው ልጄ፣ ምን ይወጣለታል!»

ጋሽ ክዳን ሰውነቱን ውርር አደረገው። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ቀስ ብሎ ዘጋና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

«ና፣ አባቴ ቤት ነው የምንሄደው» አለው ጋሽ ክዳንን። «ስንደርስ ደግሞ እንዳትናገር። እኔም አልናገርም።»