ዘሐራን ያጠበ እጅ

«ከሥራዬ እየቀረሁ ስንቴ ድራይቭ አድርጌ ወሰድኳት! ወላሂ!» አለ ፈረጅ፣ ለቅሶ ሊደርሱ ለመጡት ሽማግሌዎች።

«አጅርህን አላህ ይክፈልህ» አሉት።

ሟቿ ዘሐራ የወንድሙ ሚስት ነበረች። ባሏ ጀላሉዲን እንግሊዝኛው ከ«ሄሎ» ስለማያልፍ፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉምላት ፈረጅ ነበር።

«ጨጓራ ነው አልኳቸው፤ ሶ፣ የጨጓራ መድኃኒት ሰጧት። ዶክተሩማ አንድ ቀን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ከማህፀኗ ደም ይፈሳታል ወይ ብለህ ጠይቃት› አለኝ! የወንድሜን ሚስት! ‹ኖ› ብዬ ዘጋሁት። ‹ምን አለ?› ስትለኝም፣ ‹ምንም› አልኳት።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨዋ ልጅ ነዋ!

የሩዝ ትሪ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ሃጂራ ግን ትሪውን መሬት አስቀመጠች። ወይ ጉድ! ይሄን ሁሉ ጊዜ!

ዘሐራን ያጠበቻት እሷ ናት። ወሎ፣ አገር ቤት ሳለችም ጀናዛ ታጥብ ነበር፤ እንዲህ ያለ ገላ ግን ገጥሟት አያውቅም። ሆዷ ከእምብርቷ በታች ድንጋይ ሆኖ ነበር። ጥጥ ብትደራርብ፣ ብትደራርብ፣ ደሙ እምቢ አለ። ከፈኑን እንዳይነካው እያለቀሰች ጠቀለለቻት። ታዲያ ለማን ይነገራል? ጀናዛ ያጠበች ሴት ያየችውን ሸፍና መያዝ አለባት፤ ሃጂራ እንዲህ ተብላ ነው ያደገችው። ሸፍና ዝም አለች።

ዘሐራ እኮ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ስታጸዳ ውላ፣ ማታ ሰፈራቸውን ፌርፋክስን በሳቋ የምታናውጥ ሴት ነበረች። ኋላ ሳቋ ቀነሰ። ሶላቷንም ተወች። ሴቶቹ «አሜሪካ ገብታ ሰነፈች» ብለው አሟት። ደም ላይ ያለች ሴት እንደማትሰግድ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ወሩን ሙሉ፣ ከዚያም አልፎ ደም ላይ ትሆናለች ብሎ ማን ያስብ! እሷም ከመናገር ይልቅ መታማቱን መረጠች።

«መድናንም ሆዷን እያመማት ነው» አለ ፈረጅ። «ነገ አፖይንትመንት ይዤላታለሁ። ኦኬ፣ እንደ እህቷ ጨጓራ ነው መቼም። እኔው እገባላታለሁ።»

መድና የዘሐራ ታናሽ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ገጠር ወጥተው፣ በሱዳን በኩል አብረው ነው የመጡት። ሃጂራ ዞር ብላ መኝታ ቤቱን አየች። ሴቶቹ ዙሁር ሊሰግዱ ተሰልፈዋል። መድና ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ትናንትም አልሰገደችም። ከዒድ በፊትም አልሰገደችም ነበር።

ሃጂራ ትሪውን እዚያው ትታ ወንዶቹ መሀል ገባች።

«ፈረጅ፣ መንዳቱን ንዳ። ከሐኪሙ ጋር የምትገባው ግን እታገኘሁ ናት።»

እታገኘሁ ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤት ናት፤ ሆስፒታል በሽተኛ ትንከባከባለች፤ እንግሊዝኛውንም ትችላለች።

«እንዴ እትዬ ሃጂራ! ባዳ ሴት? እኔ እያለሁ?»

«አንተ ስላለህ ነው እኮ ልጄ! ስላለህ ነው።»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ።

ሴቶቹ ሰግደው ሲወጡ ሃጂራ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋች።

«እኔ ደህና ነኝ እትዬ» አለች መድና ቸኩላ። «ስለ አላህ ይተዉኝ። ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

ሃጂራ አጠገቧ ተቀመጠች። «ያ ረብ፣ ይቅር በለኝ» አለች በሆዷ።

«እህትሽን ሳጥባት...» ብላ ጀመረች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ጥጡን፣ ደሙን፣ ሆዷ ምን ሆኖ እንደነበር።

መድና አላለቀሰችም። በሩ መዘጋቱን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ዘሐራን ያጠበውን የሃጂራን እጅ ሳበችና፣ ከእምብርቷ በታች በቀሚሷ ላይ ጫን አድርጋ አስቀመጠችው።

«የሷም እንዲህ ነበር እትዬ?»

የሃጂራ እጅ ያንኑ ድንጋይ ዳሰሰ። አላነሳችውም።